የቆርቆሮ ጆሮ

መስከረም ሲጠባ፣ ዋይልድውድ ባዶ ሲቀር፣
ጃንጥላው ታጥፎ፣ አይስክሬም ሻጩ ሲሰወር፣
ግዙፉ መንኮራኩር በሰንሰለት ሲታሰር፣
ከሞቴሉ የሌሊት ፈረቃዬን ጨርሼ፣
እስከ ደረት የሚዘልቅ የጎማ ሱሪ ለብሼ፣
ባሕር ዳር ወረድኩ። ቬርና ቀድማኛለች፤
ውሃው እጉልበቷ ላይ፣ ጎኗን ለማዕበሉ ሰጥታ ቆማለች።

ሠላሳ አንድ ዓመት የተማሪ አውቶቡስ የነዳች፣
ግራ ጆሮዋን የልጆች ጩኸት የበላባት፣
«ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው» የሚለውን ተረት ባጫውታት
«የኔስ የከዳኝ በግማሽ ነው» ብላ የሳቀች።

«ፊትህን አታሳየው፣ በጀርባህም አትመነው፤
ጎንህን ስጠው ለባሕር፣ ነገረኛ ጎረቤት ነው።»

የመጀመሪያው ቀን መሣሪያው አበደብኝ፤
ማዕበል ባለፈ ቁጥር ጮኸ፣ ጮኸ፣ አደነቆረኝ።
ለካ ጨው ነው።
ያ፣ ለራስህ ስትል ጣፍጥ የተባለው፣
ድንጋይ እንዳይባል ፈርቶ ወርቅ ነኝ ነው የሚለው።

«ስሜቱን ቀንስለት» አለች። «ብዙ የሚሰማ
ምንም አይሰማም። እዚህ ባሕር ውስጥማ
ሁለት ሞገድ አለ፤ አንዱ ያንተ፣ አንዱ የሱ፤
ያንተ ዝቅ ካላለ አብረው ነው የሚፈርሱ።»

ክቡን ሳህን ከአሸዋው ሳላርቅ፣ ሳላስነካ፣
እንግዳ የተኛበትን ክፍል እንደሚጠርግ ሰው
ቀስ፣ ቀስ፣ ግራ፣ ቀኝ።
ድምፅ ሲመጣ እግሬን ላኖርበት፣
ጭልፋውን ከኋላው ላስገባ፣ በተረከዜ ልገፋበት፤
መፍጠን አለብኝ ደግሞ፣
ባሕር የሰው ጉድጓድ ሲደፍን ይሉኝታ የለውም።

በሳምንቱ ያወጣሁት፦ አርባ ሁለት ቆርኪ፣
ዝገት የበላው የመኪና ቁልፍ፣
ከዓሣ አጥማጅ ክር የተበጠሰ እርሳስ
(እርሳስ! ኪስ የሚያጎብጥ፣ አንዲት ፊደል የማይጽፍ)፣
ቀሪው ሁሉ የቆርቆሮ ጆሮ፣
የለስላሳው፣ የቢራው፣ ጣት ቀንጥሶ የጣለው።

«ይኼንንስ ልተወው» አልኩ፣ «ድምፁን ለይቼዋለሁ፤
አፍንጫው የታፈነ ሰው ሲያዛጋ ነው የምሰማው።»
«ተወው፣ ወርቁንም አብረህ ተወው» አለች ቬርና።
«ቀጭን ቀለበትና የቆርቆሮ ጆሮ
በአንድ ጉሮሮ ነው የሚናገሩት።
ሁሉንም ቆፍር።»

ሐሙስ ሊነጋጋ ሲል፣ የሸሸው ውሃ ሊመለስ ሲያስብ፣
ከአሸዋው ጉብታ ማዶ፣ ወገባችን ድረስ ገብተን፣
አንድ ድምፅ መጣ።
ክብ ነው። ከየትም ወገን ብመጣበት አይሰበር።
ማዳመጫውን ለሁለት ተካፈልነው፤
የሷ ደህና ጆሮ ከኔ ግራ ጆሮ ተጎራበተ፣
ትንፋሿ የሎሚ ከረሜላ ይሸታል።

«ቀለበት» አልኩ።
«የቆርቆሮ ጆሮ» አለች።
ሦስቴ ጨለፍን፤ ሦስቴም ጉድጓዱን ሞላው፤
አራተኛው ማዕበል እኔኑ አንስቶ ጣለኝ፣
ጨው ጠጣሁ፣ ሰማይ ረገጥኩ።
«ይብቃ» አለች ክንዴን ይዛ፣ «ለቆርቆሮ አይሞትም።
ባሕሩ እየመጣ ነው። በል ውጣ።»

ሁሉንም ቆፍር ያለችኝ እሷ ነች። ዝም አልኩ።
ተስማምተን ወጣን፤
ወይም የተስማማን መሰልን።
ብቻ ዳር ስንደርስ ዞር ብላ
ከዋና ጠባቂው ባዶ ማማ እስከ ቢጫው የሞቴል መብራት
በዓይኗ ክር ስትወጥር አይቻታለሁ።

አርብ፣ ከሌሊቱ አሥር ሰዓት፣ ከቀጠሯችን አንድ ሰዓት ቀድሜ፣
ቀሪ ፈረቃዬን ለሩፐርት በልመና አሸክሜ፣
መብራት ግንባሬ ላይ አስሬ
እንደ ሌባ አሸዋውን በጣቶቼ እየረገጥኩ ስወርድ፣
ከጉብታው ማዶ፣ ጨለማው መሐል፣
ሌላ መብራት ቀድሞኝ ቆሟል፤
ጎኑን ለማዕበሉ ሰጥቶ፣
ቀስ፣ ቀስ፣
ግራ፣ ቀኝ።